በረኪና ያልነካው ውሃ

አክስቴን የሰፈሩ ሰው «እትዬ በረኪና» ይላታል። ፊት ለፊቷ «እትዬ» ብቻ ነው፤ ሙሉ ስሟ የሚወጣው ጀርባዋን ስታዞር ነው። እሷም ታውቃለች። «በቆሻሻ ከሚያሙኝ በበረኪና ቢያሙኝ ይሻላል» ትላለች። ስሙንም ያገኘችው በላቧ ነው። ልጅ ሆኜ ሳሙና ከእጄ አምልጦ መሬት ላይ ወደቀ ብላት፣ ሳሙናውን በሌላ ሳሙና አጥባ መልሳ የሰጠችኝ ሴት ናት። እኔ በተፈጥሮዬ ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልተሰጠኝ፣ ከእሷ ጋር ስጣላና ስታረቅ ነው ያደግኩት። ይህን ታሪክ ግን ከእኔ ሌላ ሰው ሲያወራው አልወድም። ሰው ሲስቅባት ደሜ ይፈላል፤ እኔ ስስቅባት ግን መብቴ ነው።

ሥራዋ ዕቃ ማጠብ ነው። ከትልቁ ሆስፒታል ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ ሦስት ክፍል ያላት ላቦራቶሪ አለች። የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ ሁለት ገንዳ፣ አንድ ትልቅ ማፍያና ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ አለ፤ ያ የአክስቴ ግዛት ነው። የመስታወት ሳህኖች፣ ብልቃጦች፣ ጣት የሚያካክሉ ቱቦዎች ቆሽሸው ይገባሉ፣ አብረቅርቀው ይወጣሉ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ኃላፊዎች ተቀያይረዋል፣ የግድግዳው ቀለም ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፣ እሷ ግን ከገንዳዋ ንቅንቅ አላለችም። አግብታ ነበር፤ ባሏ ቶሎ ሞተባት፣ ልጅም አልወለደችም። ልጇ ታናሽ ወንድሟ፣ አባቴ ነው ማለት ይቻላል። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ ዐሥራ አራት ነበረች። የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው፣ ሙያ አስተማረችው፣ ዳረችው። እናቴ ስትሞት ደግሞ እኔንም ደረበችኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ አንድ ክፍል ናት፤ መስኮቷ ሥር በእግር እየተረገጠ የሚሠራ የስፌት መኪና አለ። ከሦስት ዓመት በፊት መንገድ ሲሻገር ሞተር ብስክሌት ገጨው። የቀኝ እግሩ ቅልጥም ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጣ። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው አስተካከሉት። አጥንቱ ገጠመ፣ ቁስሉ ግን እምቢ አለ። አራት ወር ሙሉ መግል ያወርድ ነበር። ክኒኑ ተቀየረ፣ መርፌው ተቀየረ፣ መርፌ የምትወጋው ነርስ ሳትቀር ተቀየረች፤ ባክቴሪያው ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ አባቴን አስቀምጦ እቅጩን ነገረው። ቁስሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ ለምዷቸዋል፤ ወደ ደም ከገባ ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጠው።

«ሰው እኔ በእጄ የምሰፋ ይመስለዋል» አለ አባቴ የዚያን ዕለት። «እጄማ ጨርቅ ይይዛል እንጂ! የሚሰፋው የቀኝ እግሬ ነው።»

እኔ አለቀስኩ። አክስቴ አላለቀሰችም፤ ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወለችው።

ላቦራቶሪዋን የምትመራው ዶክተር ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ምሳዋን መብላት የምትረሳ ሴት ናት። በሽተኛ አታክምም፤ ተመራማሪ ናት፤ የምትመራመረውም ባክቴሪያን ስለሚገድሉ ቫይረሶች ነው። አክስቴ ዕቃዋን ስታጥብላት አራት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ዕቃው ውስጥ ምን እንደነበረ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ለእሷ ሁሉም እድፍ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገባችና ቆመች።

«ዶክተር፣ ይሄ እርስዎ የሚያረቡት ነገር የወንድሜን እግር ያድንልኛል?»

ዶክተሯ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። «እትዬ፣ ቃል አልገባልዎትም። ነገሩ እሾህን በእሾህ ነው። ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ አለ አይደል? ባክቴሪያንም የሚያሳምም ቫይረስ አለ። ሰውን አይነካም። የባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይራባና አፈንድቶት ይወጣል። ፌጅ ይባላል።»

«ፈጂ?»

«ፌጅ።»

«እኮ ፈጂ። ስሙን ያወጣለት ሰው ዐዋቂ ነው።»

ችግሩ ፈጂ መራጭ መሆኑ ነው። አንዱ የሚበላውን ባክቴሪያ ሌላው ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ለአባቴ ባክቴሪያ የሚሆነውን ለይቶ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የሚፈለገውም ባክቴሪያ በሚርመሰመስበት ቦታ ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባላል፤ የእኛ ውሃ ግን የግድ ከመጥፎው መቀዳት ነበረበት። ከየቦዩ ውሃ የሚቀዳው ሠራተኛ ደግሞ ዕረፍት ወጥቶ ነበር።

«እኔ አለሁ» አለች አክስቴ። «በዚህ ከተማ ቆሻሻ የት የት እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እውነቷን ነው። ሰው ጠላቱ የት እንደሚያድር ያውቃል።

በዚያው ቀን ጀመርን፤ እኔ ገመድ ያዥ ነበርኩ። አክስቴ እስከ ክርኗ የሚደርስ ጓንት አጥልቃ፣ ቦቲ ተጫምታ፣ አፍና አፍንጫዋን በሁለት መሸፈኛ ሸፍና ከድልድይ ሥር ትወርዳለች። ከቄራው ቦይ፣ ከአትክልት ገበያው ጀርባ፣ ከሆስፒታሉ ፍሳሽ፣ ከአውቶብስ ማቆሚያው መጸዳጃ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ከሚያልፍበት ሁሉ ቀዳን። በየቀኑ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ይዘን እንመለሳለን። ዶክተሯ በመስታወት ሳህን ላይ የአባቴን ባክቴሪያ ትዘራለች፤ ባክቴሪያው በቅሎ ሳህኑን እንደ ስስ ጉም ይሸፍነዋል። ያመጣነውን ውሃ ባክቴሪያ እንኳ በማያሳልፍ ረቂቅ ወንፊት አጣርታ ጠብ ታደርግበታለች። ፈጂው ካለ በማግስቱ ጉሙ ላይ ጥርት ያሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ የተበላው ቦታ ማለት ነው።

ምንም ቀዳዳ የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት፤ ሳህኖቹ ድፍን ናቸው። ዐሥራ አንድ ቀን አለፈ፤ ሃያ ስድስት ጠርሙስ ቀዳን። አባቴ ከአደጋው ወዲህ አክስቴ ቤት ነበር የሚያርፈው፤ ማታ ስንገባ ከአልጋው ቀና ብሎ ዐይናችንን ያነባል።

«ነገ ይገኛል» ትለዋለች አክስቴ፣ ገና ሳይጠይቃት።

«ላም አለኝ በሰማይ» ይላል እሱ።

«ዝም በል! ነገ ይገኛል አልኩህ እኮ!» ትላለች። እንዲህ እርግጠኛ ስትሆን እኔንም ታረጋጋኝ ነበር። ከሦስታችን ተስፋ ያልቆረጠችው እሷ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ዶክተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወደ ማጠቢያው ክፍል መጣች። እኔም ጠርሙሶቹን ላደርስ ገብቼ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ፌጁ ቢታጣ ይሁን፤ ውሃው ውስጥ ግን ሌላም ምንም ነገር የለም። ዛሬ ሳላጣራ አየሁት። ከቄራ ቦይ በመጣ ውሃ ውስጥ ነፍስ ያለው አንድ ነገር አይኖርም? ከምንጠጣው ውሃ ይሄ ይነጻል!»

የአክስቴ ፊት በራ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ተመሰገንኩ ብላ ነው። «ታዲያስ ዶክተር!» ብላ አፏን ከፈተች። ከዚያ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ምናልባት ቦዮቹ ውስጥ መድኃኒት የሚደፋ ሰው ይኖራል» አለች ዶክተሯ። «ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ልጻፍላቸው።»

«ይጻፉላቸው» አለች አክስቴ።

ወደ ቤት ሄድን። ቤት ገብታ ጫማዬን ሳላወልቅ መግባቴን አየች፣ ዝም አለች። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። «አንድ ክዳን ብቻ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «በየጠርሙሱ አንድ ክዳን።»

«የምን ክዳን?»

«የበረኪና።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተሯ የምትሰጣት ጠርሙሶች ታሽገው የመጡ፣ ንጹሕ ናቸው። አክስቴ ግን የራሷ እጅ ያላጠበውን ነገር ንጹሕ ነው ብላ አታምንም። እናም ለማጠቢያ ብላ አንድ ክዳን በረኪና ትጨምራለች፤ አጥባም ሁሉንም አትደፋውም፣ ጥቂት ከሥር ታስቀራለች። «ሴትዮዋ የተማረች ሰው ናት» አለችኝ ዐይኗ እየቀላ። «የቄራ ሽታ ይዤባት ልግባ? ነውር አይደለም?» ለይሉኝታ ነው! ዶክተሯ የበረኪናው ሽታ እንዴት አልሸተታትም ብላችሁ እንደሆነ፣ አክስቴ ባለችበት ክፍል በረኪና ሳይሸት የዋለበት ቀን የለም።

እኔ እሳት ለብሼ እሳት ጎረስኩ። «የአባቴን እግር በበረኪና አጠብሽው በያ!» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት፤ ግን ከአፍ የወጣ አይመለስም። እሷም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያቸው ጀመር፤ በውሃና በሳሙና የተላጡ እጆቿን።

«ያባርሩኛል» አለች ቆይታ። «ማባረሩ ይሁን። ግን እኔ ብባረር ለእሱ ማን ይቀዳለታል?»

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሄዳ ነገረቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ፤ አንድም ነገር አላስቀረችም፣ «ይጻፉላቸው» ማለቷን እንኳ ተናዘዘች። ዶክተሯ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ መነጽሯን አውልቃ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ዐይኗ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አረፈና ሳቋ ቆመ።

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን» አለች። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ጠርሙሱ ንጹሕ ነው አልኩዎት እንጂ ለምን መታጠብ እንደሌለበት አልነገርኩዎትም። በሉ ቦቲዎን ያጥልቁ።»

እንደገና ተነሣን። አሁን አክስቴ ጠርሙሱን የምትይዘው እንደ ትኩስ ድንች ነው፤ ሳትነካው መያዝ ትፈልጋለች። ከአራት ቦታ ቀዳን። በማግስቱ ሳህኖቹ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ሞልቷል፤ የአባቴን ባክቴሪያ የሚበላ ግን አሁንም የለም። ዶክተሯ እርሳሷን እያኘከች ቆየችና ቀና አለች።

«እትዬ፣ የወንድምዎን ቁስል የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት?»

«ጠዋትና ማታ። በፈላ ውሃና በጨው።»

«ያጠቡበትን ውሃ የት ይደፉታል?»

አክስቴ ክው አለች። እኔም ገባኝና አቀረቀርኩ።

ከአክስቴ ቤት አጥር ጀርባ አንድ ቦይ አለ። ቦዩ የጎረቤታችን ነው፤ ዶሮ ስለሚያረባ «ባለዶሮው» እንለዋለን። የዶሮ ቤቱ እጣቢ እዚያ ውስጥ ተኝቶ በጋ ከክረምት ይሸታል። አክስቴና ባለዶሮው በዚህ ቦይ ምክንያት ሰባት ዓመት ተጣልተዋል። ለማዘጋጃ ቤቱ በየጊዜው የሚገባውን አቤቱታ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። «የሰፈሩን ጤና የሚያውክ» የምትለዋን ሐረግ ሳልወድ በግዴ ጽፌያታለሁ። እና አራት ወር ሙሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አክስቴ የአባቴን ቁስል እጣቢ በአጥሩ ቀዳዳ ወደዚያው ቦይ ስትደፋ ኖራለች። በረኪናም አትጨምርበትም ነበር። በረኪና ለጠላት አይባክንም።

«ወደ... ጎረቤት» አለች አክስቴ።

«ጎሽ!» አለች ዶክተሯ። «ባክቴሪያው ለአራት ወር የተቀለበበት ቦታ የሚበላውም ሊመጣ ይችላል። አሁኑኑ ይሂዱ።»

ስንደርስ ባለዶሮው ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሟል። አካፋ ይዟል። አጠገቡ አንድ ጆንያ ኖራ ተቀምጧል። ሰባት ዓመት እንቢ ሲል የኖረ ሰው፣ ልብ የገዛው በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት ነው!

«ተው!» ብላ ጮኸች አክስቴ ከመንገዱ ማዶ። «አንተ ሰውዬ፣ አካፋውን ጣል!»

«ምን አሉ እትዬ?»

«አታጽዳ! በፈጠረህ፣ እንዳታጸዳው!»

ባለዶሮው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ሰባት ዓመት አጽዳ አጽዳ ሲሉኝ ኖረው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤም ደርሶኝ፣ ዛሬ ልቤ እሺ ሲል አታጽዳ? አንቺ ልጅ፣ እትዬን ፀሐይ መቷቸዋል መሰለኝ፤ ወደ ጥላው ውሰጃቸው።»

አክስቴ ተንፈስ ሳትል ነገረችው። የወንድሟን እግር ነገረችው፣ ቀጠሮውን ነገረችው፣ እጣቢውን ስትደፋበት እንደኖረች ደግሞ ራሷ ነገረችው። ይህችኛዋን ስትናገር ወደ መሬት ነበር የምታየው። ባለዶሮው አካፋው ላይ ተደገፈ። አባቴ የእሱን ሱሪ ሁለት ጊዜ አሳጥሮለት ያውቃል።

«ያ ሰውዬ እግሩ ሊቆረጥ ነው?» አለ። አካፋውን ወደ አጥሩ ወረወረውና ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብሎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ሞላላት። «ይሄውልዎት። ካነሰም ሞልቷል፤ የእኔን ቦይ ያህል የሚሸት የለም ብለው የለ?»

አክስቴ ጠርሙሱን ስትቀበለው እጇ ሳታስበው ሽርጧን አንሥቶ አፉን ሊጠርግ ሲል ራሷ ያዘችው። «አልነካሁትም!» አለችኝ ተደናግጣ።

በነጋታው እጇ በሳሙና አረፋ እንደተለቀለቀ ዶክተሯ ጠራቻት። ሳህኗ ብርሃን ላይ ተይዛለች። ጉሙ ወንፊት ሆኗል፤ ትንሽ ትልቅ፣ ጥርት ጥርት ያለ ቀዳዳ ብቻ። እኔ ጮኽኩ። አክስቴ ቀረብ ብላ ዐይኗን አጥብባ አየችና ቀስ ብላ ጠየቀች፤ «ይቺን ሳህን ማን ነው የሚያጥባት?»

«ማንም አያጥባትም» አለች ዶክተሯ።

«እንኳንም!» አለች አክስቴ፣ ከዚያ ገንዳው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ «በረኪና ለምን አላልኩሽም ኖሯል» ብዬም ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፤ እሷ ግን ገባትና ጭንቅላቴን አሻሸችኝ።

ፈጂውን ከቆሻሻው ለይቶ፣ አራብቶ፣ አጥርቶ ለሰው ቁስል እንዲሆን ማዘጋጀት ቀናት ወሰደ። ቀዶ ሐኪሙ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ከዶክተሯና ከሆስፒታሉ ኃላፊዎች ጋር ተሰብስቦ ተከራከረ፣ ወረቀት ተፈረመ፣ በመጨረሻም ዐሥር ቀን ጨመረ። «ከዚያ በላይ አንድ ቀን አልጠብቅም» አለ። ባለዶሮውና አንድ የታክሲ ሾፌር አባቴን በወንበር ተሸክመው በባዶ እግሩ ሆስፒታል አስገቡት።

የቀረው የአባቴ ፈቃድ ነበር። ዶክተሯ ትንሿን ብልቃጥ አሳየችው፤ ውስጧ ያለው ነገር ከንጹሕ ውሃ አይለይም። አባቴ ብልቃጧን ትቶ እህቱን አያት።

«ከባለዶሮው ቦይ ነው ይሄ?»

«ከዚያው ነው» አለች።

«እትዬ፣ እኔ ስለ ቫይረስ አላውቅም። አንቺ ንጹሕ ነው ካልሽኝ ግን እቀበላለሁ። በንጽሕና ነገር አንቺ ተሳስተሽ አታውቂም።»

ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ዞረች። አክስቴ «ንጹሕ ነው» ብላ ብታልፈው ማንም አይጠይቃትም ነበር። እሷ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ የሰው አልጋ ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

«ተሳስቻለሁ» አለችው። «ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠርሙሱን በበረኪና ሳጥብ ነበር። መድኃኒትህን በገዛ እጄ ስገድለው ነበር። ዛሬ ዐሥር ቀን ለምነን ያስጨመርነው በእኔ ነው። ይሄኛው ንጹሕ ነው፤ ግን እኔ ስላልኩህ አትመነኝ፣ ዶክተሯ ስላሉህ እመን።»

አባቴ ትራሱን ተደግፎ ቀና አለ።

«ስንት ጠርሙስ ነበር?»

«ሃያ ስድስት።»

«ሃያ ስድስቱንም አጠብሽ?»

«ሃያ ስድስቱንም።»

«አንዱን እንኳ ሳትረሺ?»

«እንዴት እረሳለሁ!» አለች አክስቴ፣ ሳታስበው ተቆጥታ።

አባቴ ሳቅ አፈነው፤ ከአደጋው ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። «ዶክተር፣ ያፍስሱት» አለ። «ይቺን ሴትዮ ከመለወጥ ባክቴሪያውን መግደል ይቀላል።»

ጠዋትና ማታ ቁስሉ ውስጥ ጠብ ጠብ ይደረግለት ጀመር፤ ከጎኑም ሐኪሙ ያዘዘው መርፌ ይሰጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም ለውጥ የለም። አክስቴ ፈቃድ ወስዳ አልጋው አጠገብ ዋለች፤ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኞች ባልዲ ይዘው በመጡ ቁጥር እጇን ዘርግታ ትቆማለች። «እዚህ አልጋ አጠገብ በረኪና አይደርስም!» ትላለች። ሠራተኞቹ ያውቋታል፤ ይህን ከእሷ አፍ መስማታቸውን ለሳምንት ሲያወሩት ከረሙ። ባለዶሮውም ከምሳ በኋላ እየመጣ «ቦዬ እንዴት ነው?» ይላል፤ አባቴ «ጥሩ ሠራተኛ ነው» ይለዋል።

በአምስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ አክስቴ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች። «ሽታው የለም» አለች። ነርሷ ገና ምንም አላየችም ነበር። በስምንተኛው ቀን መግሉ አነሰ። በዘጠነኛው ቀን ከቁስሉ ተጠርጎ ላቦራቶሪ የሄደው ናሙና ምን እንደሚል ሳናውቅ አደርን፤ ያን ሌሊት ማናችንም አልተኛንም። አክስቴ ግን ጠዋት ስንመጣ ከሁላችን ቀድማ «አይቆረጥም፣ አልኩ እኮ!» ትል ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ገባ። ፋሻውን ራሱ ፈታው። ቁስሉን በጥጥ ጫን አደረገ፣ ዙሪያውን በጣቱ ነካካ፣ ወረቀቱን አየ፣ መልሶ ቁስሉን አየ። 

«ዛሬ የሚቆረጥ ነገር የለም» አለ። «ሕክምናው ገና ሳምንታት ይቀጥላል። ግን እግርዎ የእርስዎ ነው።» ከዚያ፣ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «እስቲ ክራንቹን ይዘው በኮሪደሩ ትንሽ ይራመዱ፤ ጡንቻዎ ተኝቷል» አለ።

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጁን ሲያነሣ «ጫማዬን አቀብይኝ» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ከአልጋ ስላልወረደ ጫማ አላስፈለገውም ነበር። ዕቃውን ያዘጋጀችለት አክስቴ ናት። ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ስቤ ከፈትኩት። ፎጣ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ። ከሥር ጫማ፤ ፊት እስኪያሳይ ተወልውሏል። የግራው ነው። እጄን ሰድጄ የቀኙን ፈለግኩ። ቦርሳውን ገልብጬ አራገፍኩት። የለም።

ቀና ስል አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ ደም የለውም። «ነገ ይገኛል» ያለችን እሷ፣ «አይቆረጥም» ስትል የነጋች እሷ፣ ቦርሳውን ስታዘጋጅ ብቻዋን ነበረች። አባቴም ጫማውን አየው፤ ከዚያ እሷን አያት።

«ሁለቱን ባመጣ» አለች አክስቴ፣ «አንዱን ብቻዬን ይዤ ስመለስ ታየኝ። አልቻልኩም።»

 አባቴ ግን የግራ ጫማውን ከእጄ ተቀበለ፣ አጠለቀ፣ ክሩን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ከዚያ የቀኝ እግሩን ከአልጋው አውርዶ ባዶውን ወለሉ ላይ አሳረፈው።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» አላት። «ሂጂ አምጪዋ!»

አክስቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። በመስኮት ስመለከት ሽርጧን እንደታጠቀች የሆስፒታሉን ግቢ በሩጫ አቋረጠች። ጥበቃው ደንግጦ «እትዬ፣ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ሲጮህባት ይሰማኛል።

«ጫማ ነው!» አለችው ሳትቆም። «የቀኝ ጫማ!»